ማር የነካው አውራ ጣት

ባጃጁ የሰኔ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወደ አንድ ጎኑ ሲያጋድል ሳሊማ የፊቱን ብረት ጨብጣ «ያ ረቢ!» አለች። ሹፌሩ ነዳጅ ሰጥቶ አወጣውና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ መናኸሪያው የሚወስደውን ዳገት ተያያዘው። እሷም ቀና ብላ ሻሿን አስተካከለች። ከቤት ስትወጣ ብትቸኩልም እንደ ልማዷ ነጠላ ጫማዋን መድረኩ ላይ ሁለቴ አንኳኩታ፣ ውስጡን እፍ ብላ ነበር ያጠለቀችው። አሶሳ ላይ ዝናብ ሲገባ ጊንጥ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ጫማ ውስጥ ያድራልና።

እንግዳ ልትቀበል ነው የምትሄደው። እንግዳዋ የልጇ እናት ናት። ይህ አነጋገር ግር ቢል አይገርምም፤ ሳሊማንም ስልኩ ከተደወለ ጀምሮ ግር እንዳላት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ማንኩሽ ላይ ነው። ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሲብት፣ ባሏ ዐወድ በአይሱዙ ጭነት እያመላለሰ ለግድቡ ሠራተኞች በሚነግድበት ዘመን፣ እዚያ አንድ ግቢ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በዚያው ግቢ ከድባጤ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ አለነ የሚባል የግድቡ የቀን ሠራተኛና የዝና የምትባል ገና ልጅነት ያልለቀቃት ሚስቱ። ሳሊማ ወልዳ በቃኝ ካለች በኋላ ያረገዘችው ልጅ አርባ ቀኑ ሳይሞላ ሞቶባት፣ ጡቷ ያለ ጠቢ በሚያብጥበት ሰሞን የዝና ሴት ልጅ ወለደች። አለነ ብሥራቱን ለወላጆቹ ሊነግር ድባጤ እንደ ሄደ፣ በዚያ አካባቢ ሰው የተገደለበት፣ ቤት የተቃጠለበት ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ወሬው ማንኩሽ ሲደርስ የዝናን ትኩሳት ያዛት፤ ጡቷም ከድንጋጤ ደረቀ። ሳሊማ ሕፃኗን አንስታ አጠባች። ማንም አላዘዛትም፤ ሕፃን ሲያለቅስ ወተት ይመጣል፣ ይኸው ነው።

የዝና ትኩሳቷ በረድ ሲልላት ባሏን ልትፈልግ ተነሣች። «ስሟ ኮከብ ነው፤ የአባቷ አለነ። ሳምንት ሳይሞላ እመለሳለሁ። አደራ!» ብላ ወጣች። መንገዱ ከኋላዋ ተዘጋ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል የአገሩ ሰው። ሳሊማ ሰማዩን እያየች ቆየች፤ ኋላም ባሏ ወደ ትውልድ አገሩ አሶሳ ሲመለስ ልጅቷን አዝላ ተከተለችው። ኮከብ ጥርስ አበቀለች፣ ሄደች፣ ሮጠች፣ መዋዕለ ሕፃናት ገባች።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ማንኩሽ ያለ አንድ ባለሱቅ የዐወድን ቁጥር ለአንዲት ሴት ሰጠ። ሴትዮዋ ደወለች። «የዝና ነኝ፤ ዓርብ እመጣለሁ» አለች። ልታያት ይሁን ልትወስዳት አልተናገረችም፤ ሳሊማም መጠየቁን ፈራች። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ዓርብም ደረሰ።

ፍርሃቱ ግን ብቻውን አልነበረም። ከሥሩ ሌላ ነገር፣ እንደ ሕፃን የሚያቁነጠንጥ ጉጉት ነበረባት። መልስ ያጣችላቸው ስንት ጥያቄዎች አሉ! ማንጎ መንገድ ላይ ወድቆ በሚረገጥበት አገር ይህች ልጅ ማንጎ ስታይ ፊቷን የምታጨማድደው ከማን ወርሳ ነው? ስትስቅ መዳፏን አናቷ ላይ የምትጭነው፣ ነፋስ ቆቡን እንዳይወስድበት እንደሚይዝ ሰው፣ የማን ነው? እንቅልፏ ሲመጣ አጠገቧ ያለውን ሰው የጆሮ ጫፍ ካልያዘች የማትተኛውስ? ጎረቤቶቿ «ልጅ ሁሉ የየራሱ ነው» ይሏታል። ሳሊማ ይህ አይዋጥላትም። ምንም ነገር ከአንድ ቦታ ሳይነሣ አይመጣም ባይ ናት።

የማንኩሹ ሚኒባስ ገብቶ ኖሮ ሰው እየወረደ ነው። መጀመሪያ የወረዱት ካፖርት የለበሱ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በክንዳቸው ቢጫ ጀሪካን አቅፈዋል። ከኋላቸው አንዲት ቀጭን ሴት እግሯን መሬት ስታሳርፍ ጭቃው አንሸራተታትና ሽማግሌው በሌላ እጃቸው ቀለቧት። ሴትዮዋ ሳቀች። ስትስቅም መዳፏን አናቷ ላይ ጫነች።

ሳሊማ መልኳን እንኳ በቅጡ አታስታውሰውም ነበር። አሁን ግን መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ሮጣ አቀፈቻት።

«አንቺ የዝና ነህ! ወላሂ አንቺ ነህ!» አለች። ሳሊማ ቤቷ በበርታ ቋንቋ ነው የምትናገረው፤ አማርኛ ላይ ስትመጣ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ወንበር ታስቀምጠዋለች። የዝና አንገቷ ሥር ተሸጉጣ አለቀሰች። ሽማግሌው እስኪበቃቸው ቆመው ጠበቁ።

«አስር አለቃ ደባልቄ እባላለሁ፤ የአለነ አባት» አሉ በመጨረሻ፣ እጃቸውን ዘርግተው። ስለ አለነ ሌላ ነገር አልተናገሩም። መናገርም አያስፈልግም ነበር።

ከኋላ ሦስት ሆነው ተጣበው ተቀመጡ፤ አስር አለቃ ጀሪካኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከዳር፣ ሁለቱ ሴቶች አጠገብ ላጠገብ። ባጃጁ ገና ከመናኸሪያው አልወጣም ሳሊማ አላስቻላትም።

«ማንጎ ትበላለህ?» አለቻት የዝናን።

የዝና ግራ ገብቷት አየቻት። «እበላለሁ፤ እንዲያውም እወዳለሁ። ምነው?»

«ኮከብ አይበላም» አለች ሳሊማ ቅር እያላት። «አሶሳ ተቀምጦ ማንጎ አልበላም ያለ ሰው፣ እሱ ብቻ ነው።»

አስር አለቃ ወደ ውጭ እያዩ ነበር። ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «አለነም አይበላም ነበር» አሉ። «ገና ሲሸተኝ ራሴን ያመኛል እያለ ከገበታ ይነሣ ነበር።»

ሳሊማ ጭኗን መታ አደረገች። አንዱ ተገኘ!

«አሁን የኔ ተራ ነው» አለች የዝና። «ታለቅሳለች?»

«ወድቆ አያለቅስም። ዶሮ ሲታረድ ግን፣ ውይ!»

«ማታስ ትነሣለች?»

«አይነሣም። ጆሮ ነው የሚይዘው። ጆሮ ካልሰጠህ አይተኛም።»

የዝና እጇ ሳታስበው ወደ ጆሮዋ ሄደ። «እኔ ነኝ» አለች። «እናቴ ትነግረኝ ነበር። ጆሮዬን እየጎተትሽ አስረዘምሽው እያለች ትሥቅብኝ ነበር።» ከዚያ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። የእናቷ ዕጣም እንደ አለነ መሆኑን ሳሊማ ከእንባዋ ተረዳች።

«አንድ የኔ ተራ አለ» አለች ሳሊማ ቀስ ብላ። «ለምን ቆየህ?»

«መጀመሪያ መንገዱ ተዘጋ» አለች የዝና። «ቻግኒ መጠለያ ገባን፤ ስልኬም በመንገድ ተወሰደ። ኋላ መንገዱ ሲከፈት እኔ ተዘጋሁ። ሄጄ ባታውቀኝስ እላለሁ። ብታውቀኝና ብትቀየመኝስ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ዓመትን ወለደው።»

ሹፌሩ በድንገት ፍሬን ያዘ። «ይቅርታ እናቴ፣ መታጠፊያውን አለፍኩት። ወሬው ይዞኝ ነው።»

ዞሮ ሲመለስ አስር አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ሳሊማ፣ እኔ ወታደር ነበርኩ፤ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም። ልጄን አፈር እንኳ ሳላለብሰው አጣሁት። ከእሱ የቀረኝ ይህች ልጅ ናት። ልወስዳት ነው የመጣሁት።»

የዝና አቀረቀረች። ሳሊማ የፊቱን ብረት ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ እንግዳ ግን እንግዳ ነው። «ቤት እንድረስ አባ» አለች። «ቤት ይሻላል።»

ቤት ሲደርሱ ኮከብ ጓሮ ማንጎው ሥር ቁጢጥ ብላ ለታሰረች ቀይ ዶሮ በቆሎ ታበላለች። ከዶሮዋ አጠገብ አዲስ ቢላዋና ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ያልተላጠለት አዲስ ብረት ድስት ተቀምጠዋል። ሳሊማ ለዚህ ዝግጅት ብዙ ተጨንቃበታለች። የእስላም እርድ ክርስቲያን እንደማይበላ ታውቃለች፤ ስለዚህ እንግዶቹ ራሳቸው አርደው ራሳቸው እንዲሠሩት ሁሉንም ሳይነካ አቆየችው።

«እኛ አልነካንም» አለች ኮራ ብላ። «አባ ያርዳል፣ የዝና ይሠራል። ቢላዋም አዲስ ነው።»

አስር አለቃ ዶሮዋን አዩ። የዝናን አዩ። «ወይዘሮ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ግን እኮ ዛሬ ዓርብ ነው።»

«አዎ፣ ዓርብ!» አለች ሳሊማ ፊቷ በርቶ። ዓርብ ለእሷ ንጹሕ ልብስ የሚለበስበት፣ ጥሩ የሚበላበት ቀን ነው። ከዚያ የሁለቱን ፊት አየችና ነገሩ ቀስ እያለ ገባት። ዓርብ ጾማቸው ነው፤ ያውም የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ለሰው ሃይማኖት ስትጠነቀቅ ሰንብታ ቀኑን በራሷ ሃይማኖት ቆጥራው አረፈችው። እጇን አፏ ላይ ጭና ደርቃ ቀረች።

በዚሁ መካከል ዐወድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከጁምዓ ሶላት ገባ። ቆሞ ጉዳዩን ሰማና ሳቁን መያዝ አቃተው። እሱ ሲስቅ አስር አለቃም ሳቁ፤ ካፖርታቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

«ታዲያ አትታረድም?» አለች ኮከብ ብድግ ብላ።

«ዛሬስ ተርፋለች» አሏት አስር አለቃ።

ኮከብ መዳፏን አናቷ ላይ ጭና በሳቅ ፈረሰች። የዝና የራሷን ሳቅ በሌላ ሰው ፊት ላይ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሄዳ የማንጎው ሥር ላይ ተቀመጠች።

ኮከብ ቀረብ ብላ አስተዋለቻት። ሳሊማ አስቀድማ ነግራታለች፤ የወለደችሽ እናት ትመጣለች ብላታለች።

«አንቺ ነሽ ከሆድ ያወጣሽኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚያ ውስጥ ይጨልማል?»

የዝና እንባዋ እየወረደ ሳቋ መጣ። «እኔ ምን ዐውቄ? ውስጥ የነበርሽው አንቺ!»

ኮከብ ይህ ትክክል መሰላት። ጥቂት አሰበችበትና ጥያቄዋን ለሌላ ጊዜ አሳደረችው።

አስር አለቃ ግን ሳቃቸው ቀስ በቀስ ከፊታቸው ጠፋ። ከመንገድ ጀምሮ የሚከነክናቸው ነገር አለ። በሰው ቤት ያደገች ልጅ በሰው ስም ነው የምትጠራው፤ ይህን ሳይሰሙ ቢመለሱ በወደዱ፤ ግን ሳይጠይቁ አላስቻላቸውም። «ነይ እስቲ እመቤት፤ ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ» አሉ።

«ኮከብ አለነ» አለች ልጅቷ፣ መምህሯ ፊት እንደምትለው ቀጥ ብላ።

ሽማግሌው የሞተ ልጃቸው ስም በዚያች ትንሽ አፍ ሲጠራ ሰምተዋል። ዐወድን አዩት።

«ሼህ ዓብዱልላጢፍ ዘንድ ወስደናት ነበር» አለ ዐወድ። «‹አሳድጓት፣ አጥቧት፤ የአባቷን ስም ግን አትንኩ› አሉን። በእኛ ሃይማኖት ሐራም ነው። አማና ናት፤ እናንተ አደራ የምትሉት።» ሚስቱን ሳያያት ጨመረ፤ «አማና ደግሞ ባለቤቱ ሲመጣ ይመለሳል።»

ሳሊማ ይህን ቃል ከባሏ አፍ እንደምትሰማ ታውቅ ነበር። ቢሆንም ወጋት። ምንም ሳትል ወደ ውስጥ ገባችና ትንሽ ቦርሳ ይዛ ወጣች። የኮከብን ልብስ አንድ በአንድ አጥባ ያጠፈችው ጥሪው የመጣ ዕለት ነው።

«ልብሱ ሁሉ አለ» አለች ቦርሳውን በረንዳው ላይ አስቀምጣ። «ማታ ጆሮ ስጡት። ማንጎ ብላ አትበሉት። ዶሮ ስታርዱ ወደ ሌላ ቦታ ላኩት።» ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ምሳ ግን ምሳ ነው። ዶሮዋ ስለተረፈች ዐወድ ከሱቅ ዳቦ አመጣ፤ አስር አለቃም የጀሪካኑን ክዳን ከፍተው የድባጤን ማር በሳሕን ቀዱ። ማር በጾም ይበላል፣ በእስላምም ይበላል። ሁሉም በዚያ በአንድ ሳሕን ዙሪያ ተቀመጡ፤ የሚበላው ግን የኮከብ ጣት ብቻ ነበር።

«አባባ» አለች የዝና በድንገት። «የት ነው የምንወስዳት?»

«ቤታችን ነዋ!»

«ቤትዎ ነው። እኔ የልጅዎ ሚስት ነኝ፤ ልጅዎ ግን የለም። አላስቀየሙኝም፤ እንደ ልጅዎ ነው የያዙኝ። ግን ማታ ማታ በር ስዘጋ፣ የማን ቤት ነው የምዘጋው እላለሁ። ልጄን ምን ብዬ ነው እዚያ የማስገባት? እዚህ ባባ ትላለች፣ እማ ትላለች። ከዚህ ነቅዬ ከወሰድኳት እንደኔ ነው የማደርጋት።» ፊቷን ወደ ኮከብ መለሰች። «ትቻት መሄድም አልችልም። ዛሬ ካየኋት ወዲያ አልችልም።»

አስር አለቃ የጀሪካኑን ክዳን አነሡ። ዐወድ ዳቦውን ይቆርሳል እንጂ አያነሣውም። በዚህ መካከል ኮከብ ጣቷን ልሳ፣ የዝናን ታስተውላት ጀመር።

«እናትሽ የት አለች?»

«የለችም። ሞታለች።»

«ሌላ የለሽም?»

«የለኝም።»

ኮከብ ሳሊማን አየቻት። ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ አሰበች። «እንግዲያው የኔን እማ ያዣት» አለች። «ለሁለታችንም ትበቃናለች።»

ማንም አልሳቀም። አስር አለቃ የጀሪካኑን ክዳን በጣታቸው ያሽከረክሩ ነበር፤ ማሽከርከሩን አቆሙ። ማሩን አዩ፣ የሳሊማን እጅ አዩ።

«በእኛ አገር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሰው ወገን ሲያጣ የሚደረግ ነገር አለ። የጡት ልጅ ይባላል። ድሮ ጡት ላይ ማር ተቀብቶ ነበር የሚጠባው፤ ኋላ ኋላ አውራ ጣት በቂ ሆኗል። ምስክር ፊት ከተጠባ በኋላ ልጅም ልጅ ነው፣ እናትም እናት ናት። ወደ ኋላ የለም።» ወደ ዐወድ ዞሩ። «በሃይማኖታችሁ ነውር ይሆናል?»

ዐወድ ጢሙን እየነካ አሰበ። «የአባቷ ስም እንዳለ ከቀረ» አለ፣ «ማርም ሐላል፣ እናትም ሐላል።»

ሳሊማ ምን እየተባለ እንደሆነ የገባት አሁን ነው። የዝናን አየቻት። ከባጃጁ ጀምሮ ስትጠያይቃት፣ ይህችን ቀጭን ሴት ልጇን ልትወስድባት እንደመጣች እንጂ እናት እንደሌላት ልጅ አላሰበቻትም ነበር። አዘነችላት፤ በራሷም አፈረች።

አስር አለቃ ተነሡ። ካፖርታቸውን ቆለፉ። «ወይዘሮ ሳሊማ፣ ይህችን የዝናን በችግሯም በደስታዋም ልጄ ትያለሽ?»

«እላለሁ።»

«የዝና፣ ይህችን ሴት እናቴ ትያለሽ? ስትታመም ታስታምሚያታለሽ፣ ስታረጅ ትጦሪያታለሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ሳሊማ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ ዘረጋች። ማሩ ጉልበቷ ላይ ተንጠባጠበ። የዝና ተንበርክካ ጣቱን በከንፈሯ ያዘችና እንደ ሕፃን ዓይኗን ጨፈነች። ሳሊማ ጡቷ ከደረቀ ስንት ጊዜው ነው፤ ቢሆንም ያን ጊዜ ማንኩሽ ላይ ሕፃኗ ስታለቅስ እንዳደረጋት ደረቷን ቆጠቆጣት።

«እኔም! እኔም!» አለች ኮከብ።

«አንቺ ጠብተሻል፤ ያውም ወተቱን» አላት ዐወድ፣ ዓይኑን በጀለቢያው እጅጌ እየጠረገ።

ሳሊማ እጇን ሳትታጠብ ተነሣች። የኮከብን ቦርሳ ከበረንዳው አነሣች፤ የየዝናንም ከበሩ ሥር አነሣችና ሁለቱን ወደ ውስጥ ይዛ ገባች። «ልጅ መንገደኛ አይደለም» የሚል ድምፅዋ ከውስጥ ተሰማ። «እዚህ ይቀመጣል። ሥራም እዚሁ ይፈልጋል። አልቋል!»

«እኔስ ምን ተረፈኝ?» አሉ አስር አለቃ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ብቻቸውን መመለሱ እንደሚከብዳቸው ሁሉም ያያል። ወዲያው ግን፣ «ሚስትህ የምራቴ እናት ከሆነች፣ ዐወድ፣ እኔና አንተ አማቾች ሆነናል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናትና ልጅ ድባጤ መጥተው ይከርማሉ። አክስቶቿም አያቷም ያዩዋታል። ማንጎ የሚባል አናሳያትም» አሉ።

«ኢንሻአላህ፣ እኔው ራሴ አደርሳቸዋለሁ» አለ ዐወድ።

ኮከብ ነገሩን በጣቶቿ ስታሰላ ቆይታ ሳሊማ ስትመለስ ቀሚሷን ያዘቻት። «እማ፣ አሁን አያቴ ሆንሽ ማለት ነው?»

«ሁለቱንም ነኝ» አለች ሳሊማ። «ማታ ጆሮ ግን ሁለት ብቻ ነው ያለኝ፤ አንዱን አንተ፣ አንዱን የዝና ይይዛል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አስር አለቃ ማደሪያ ልያዝ ብለው ተነሡ። ሴቶቹ ዛሬ ማታ ብዙ የሚያወሩት እንዳለ አይተዋል። ሁሉም ሊሸኟቸው ወጡ። ዝናቡ ካፊያ ብቻ ቀርቶታል። ኮከብ መድረኩ ላይ ቆማ ጫማዋን አነሣች፤ ሁለቴ አንኳኳችው፤ ውስጡን እፍ አለችበትና አጠለቀች።

የዝና ይህን አይታ ፈገግ አለች። ከመናኸሪያው ጀምሮ የዚህ ቤት ሰዎች በጥያቄ ሲፈትሿት ውለዋል፤ አሁን አንድ አዲስ ጥያቄ አገኘች።

«እማ» አለቻት ሳሊማን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ይሄንንስ ከማን ነው የወረሰችው? በእኔ በኩል የለም።»

«በአለነም የለም» አሉ አስር አለቃ።

ሳሊማ እኔም አላውቅም ልትል አፏን ከፈተች። የራሷ ነጠላ ጫማ እጇ ላይ ነበር፤ መድረኩ ላይ ሁለቴ አንኳኩታው፣ ውስጡን እፍ ልትለው ወደ አፏ አስጠግታው ነበር።